የቀረው ሃያ ሦስት ሰዓት

“ኡንጁ እንደሆነች ቤት ነው የምትውለው። ሰው መቅጠር ለምን ያስፈልጋል?” ሲል ወንድሟ ቴሲክ፣ ቦራም በሩ ሥር ቆማ የጫማዋን ክር እየፈታች ነበር። መግባቷን አላየም። ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ጥግ ላይ ስለቆመ ትርፍ ወንበር የሚያወራ ሰው ድምፅ ነበር። ኡንጁ ሚስቱ ናት። እዚያው አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ፖም ትልጣለች፤ ልጣጩ ሳይበጠስ እየረዘመ ሳህኑ ላይ ይጠቀለላል። ቀና አላለችም። ቦራም ጫማዋን አስተካክላ ስትገባ በስተግራ ያለችው ትንሽ ክፍል በሯ ገርበብ ብሎ አየች። እስከ ባለፈው ወር የልብስ ማስጫውና የማይሠራው ብስክሌት የሚቀመጡባት ክፍል ናት። አሁን ባዶ ናት፤ ወለሏ ተወልውሎ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ አዲስ ፍራሽ ተዘርግቶባታል፤ የፍራሹ ላስቲክ ገና አልተገፈፈም።

እናታቸው ኦክቡን ለሠርግ የምትለብሰውን ካፖርት ሳታወልቅ ዝቅተኛው ጠረጴዛ ዘንድ ተቀምጣለች። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። በኢንቾን ገበያ ውስጥ የደረቀ ዓሣና የባሕር ቅጠል መሸጥ ከጀመረች ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ በሥራ ቀን ሱቋን ስትዘጋ ከባሏ ቀብር ወዲህ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሁለቱንም ልጆቿን ትናንት ማታ ደውላ ነው የጠራቻቸው። ለቦራም ያለቻት “ለአንድ ሰዓት ፈቃድ ውሰጂ” ብቻ ነበር። ቴሲክ የበር ማጠፊያ በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ጠዋት ገብቷል፤ አልተኛም፤ ዓይኑ ደም መስሏል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ቅጽ አለ። ፖሙ ተቆራርጦ ቀረበ፤ ማንም አልነካውም። ባለፈው ዓመት በአንድ ፖም ዋጋ ሦስት ይገኝ ነበር አለች እናታቸው፣ ቅጹን ወደ ቦራም እየገፋች።

ነገሩ አጭር ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ የባሏ እናት የአልጋ ቁራኛ በሆኑ በስድስተኛው ዓመት፣ ኦክቡን ገበያ ውስጥ እየዞረች ኢንሹራንስ ከምትሸጥ ሴት አንድ ውል ገዛች። ለማንም አልተናገረችም። በየወሩ ሰማንያ ሦስት ሺህ ዎን ከሱቁ መሳቢያ እያወጣች ከፈለች። አንድ ቀን የመርሳት በሽታ ቢይዛት ወይም ከአልጋ መነሳት ቢያቅታት፣ ኩባንያው እስክትሞት ድረስ በየወሩ ለአስታማሚ ወይም ለመጦሪያ ቤት የሚሆን ገንዘብ ይሰጣታል። ነገር ግን ራሱን የረሳ ሰው ገንዘብ አለኝ ብሎ ሊጠይቅ አይችልም። ስለዚህ ውሉ ላይ በእሷ ፈንታ የሚጠይቅ ተወካይ የሚጻፍበት ቦታ አለ። እዚያ ተጽፎ የነበረው የባሏ ስም ነው፤ ባሏ ደግሞ ባለፈው ዓመት በጸደይ ሞቷል። አዲስ ስም መግባት አለበት፤ የሚያስገባው ደግሞ እሷው ናት፣ ጭንቅላቷ ጤነኛ በሆነበት ጊዜ።

ጊዜው ምን ያህል እንደቀረ አልታወቀም። ከሦስት ሳምንት በፊት ሠላሳ ቁጥር አውቶቡስ ውስጥ መውረጃዋ ጠፍቶባት እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሄዳለች። በወረዳው ጤና ጣቢያ ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሽ ቁጠሪ ቢሏት ሰማንያ ስድስት ላይ ቆማለች፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ለገበያተኛ የገንዘብ መልስ ስትሰጥ የኖረች ሴት። ሰኞ ትልቁ ሆስፒታል ቀጠሮ አላት። ሰኞ ሐኪሙ አንድ ነገር ከጻፈ፣ ማክሰኞ የምትፈርመውን ፊርማ ማንም ተነስቶ አይጸናም ሊል ይችላል። ዛሬ አርብ ነው፤ የኩባንያው ቢሮ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። ይህን ሁሉ የተናገረችው የዓሣ ዋጋ እንደምትነግር ነው፤ አንዱን ቃል ከሌላው ሳታስበልጥ።

“ምን ክርክር አለው” አለ ቴሲክ። “የበኩር ልጅሽ እኔ ነኝ። ክፍሉን አዘጋጅቻለሁ። እናቴን መጦሪያ ቤት ወረወራት የሚል ዘመድ አይኖርም። ገንዘቡ ሲመጣ ይቀመጥልሻል።”

“የቦራም ስም ይግባ” አለች እናታቸው።

ኡንጁ የፖሙን ልጣጭ ሰብስባ ወደ ማዕድ ቤት ሄደች። ከዚያ የውኃ ድምፅ ተሰማ፤ አንድ ሳህን ለማጠብ ከሚያስፈልገው በላይ ረጅም ጊዜ። ቴሲክ ፊቱን በሁለት እጁ አሻሸ። እኔ እያለሁ ሴቷ ልጅ ተጻፈች ብዬ ለትልቁ አጎቴ እንዴት ልንገር፣ እናቴ አታምነኝም ልበል ወይ ብሎ ጠየቀ። የመለሰችው ቦራም ናት፤ እሷም ብትሆን የተናገረችው እሱን ለማገዝ አልነበረም። እኔን ማንም አልጠየቀኝም፣ አልፈርምም አለች። የምትሠራው የሊፍት ጥገና ድርጅት ውስጥ ነው፤ ሥራዋ ስልክ ማንሳትና ባለሙያ መላክ ነው። ከዚያ ሥራ የተማረችው አንድ ነገር ቢኖር፣ ስልክ የሚደወለው ወረቀቱ ላይ ስሙ ለተጻፈው ሰው መሆኑን ነው። ሰውየው ይችላል አይችልም፣ ታሟል አልታመመም የሚጠይቅ የለም። ስሙ አለ፤ ይደወላል። አያቷ አልጋ ላይ ሲውሉ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ሲሞቱ ሃያ አንድ። የሒሳብ የቤት ሥራዋን የሠራችው ሽንት የሸተተ ፍራሽ አጠገብ ነው። ሰውን በጎኑ ማዞር የቻለችው ብስክሌት መንዳት ከመቻሏ በፊት ነው። የራሷ አንድ ክፍል ቤት አላት፤ አልጋዋ አንድ ሰው ብቻ ይይዛል፣ ስትገዛው ሆነ ብላ ነው። ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። እናቷ አልጠራቻትም።

ሊፍቱ ሊዘጋ ሲል ኡንጁ የምግብ ትርፍራፊ የያዘ ከረጢት አንጠልጥላ ገባች። ከረጢቱ ውስጥ ያለው የፖም ልጣጭ ብቻ ነው፤ ለዚያ ከአሥራ አንደኛ ፎቅ የሚወርድ ሰው የለም። ኡንጁ በዕድሜ ትበልጣታለች፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግን ቦራም የባሏ እህት በመሆኗ ስታነጋግራት አንቱ ከማለት አልፋ አታውቅም። ሊፍቱ ዘጠነኛ ፎቅ ደረሰ።

“ባለፈው ወር ፈተናውን አለፍኩ” አለች ኡንጁ፣ የፎቁን ቁጥር እያየች።

የምን ፈተና እንደሆነ ቦራም ጠየቀች። የአስታማሚነት ነው። ክፍያውን የከፈለላት ቴሲክ ነው፤ ሐሳቡንም ያመጣው እሱ። ምስክር ወረቀት ያላት ሴት የገዛ አማቷን ብታስታምም መንግሥት ይከፍላታል። ግድግዳው ላይ የልብስ ቁልፍ የምታህል ነገር ይለጥፉልሻል፤ ስትጀምሪ ስልክሽን ታስነኪያታለሽ፣ ስትጨርሺ ታስነኪያታለሽ፣ የሚታሰበው በቀን ስልሳ ደቂቃ ነው አለቻት። አንቺ ብላ መጥራቷን ሁለቱም ልብ አላሉትም።

“ስልሳ ደቂቃውን ይከፍላሉ። የቀረው ሃያ ሦስት ሰዓትስ ብዬ ቴሲክን ጠየቅሁት። የቀረው ቤተሰብነት ነው አለኝ።”

ሊፍቱ ምድር ቤት ደርሶ ተከፈተ። አንዳቸውም አልወጡም። ተመልሶ ተዘጋ፤ ማንም ስላልጠራው እዚያው ቆመ። ኡንጁ መናገሯን አላቋረጠችም፤ ለብዙ ጊዜ ለብቻዋ ስትለማመደው የቆየች ይመስል ነበር። ባቡር ጣቢያው ማዶ ያለ የአረጋውያን ቀን ማቆያ ከሰኞ ጀምሮ ነይ ብሏታል። ስምንት ሰዓት ሥራ፣ የምሳ እረፍት፣ ደመወዝ፣ ጡረታ። የሰው እናት ማጠብ አይቀፈኝም አለች፤ እጄም ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው ብለውኛል፤ ግን አጥቤ መውጣት እፈልጋለሁ፤ መውጣት የሌለበት ሥራ አልፈልግም። ቴሲክ ክፉ ሰው አይደለም። የእሱ ስም ከገባ ግን እናቴን በኢንሹራንስ አላስጠበቅሁም ለማለት ሲል ገንዘቡን እንዳለ ያስቀምጠዋል፤ አንድ ዎን አያወጣም። ከዚያ ከረጢቱን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

“እናትሽ ደግ ናት። ግን አርባ ስምንት ኪሎ ናት። ፈተናው ላይ ያነሳሁት አሻንጉሊት ሠላሳ ነበር።”

ለምን ራስሽ አትነግሪውም አለች ቦራም።

“ነግሬዋለሁ። ሳቀ። የቀለድኩ መስሎት።”

ቦራም የበሩን መክፈቻ ተጫነች። ውጭ ቀዝቃዛ ነፋስ ነበር። ኡንጁ ካርዷን አስነክታ የቆሻሻ ገንዳውን ከፈተች፣ ልጣጩን ጥላም ወደ ሊፍቱ ተመለሰች፤ ፈርሚ አላለችም፣ እባክሽም አላለችም። ቦራም ቢሮ ደወለችና የቀረውን ግማሽ ቀን ፈቃድ ጠየቀች፤ አለቃዋ ረጅም ትንፋሽ አወጣ፤ ትንፋሹ እስኪያልቅ ጠብቃ አመሰገነችውና ዘጋች። ከአሥር ደቂቃ በኋላ እናቷ ቅጹን በካፖርቷ የደረት ኪስ ከትታ ወረደች። ባትፈርሚም ምሳ ትበያለሽ አለቻት።

የገቡት ገበያው ጀርባ ካለች ኑድል ቤት ነው። ስድስት ጠረጴዛ አላት፤ መስኮቷ በእንፋሎት ተሸፍኗል። አንድ ሳህን ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ ገብቷል፤ የዋጋው ወረቀት በአሮጌው ላይ እየተደረበ ሦስት ሆኗል፤ ቀለማቸው ይለያያል፣ ከሥር ያሉትም ጎን ጎናቸው ይነበባል። ኦክቡን ሦስቱንም አንብባ ከሳህኗ የድንች ቁራጭ አንስታ ወደ ልጇ ሳህን አዛወረች። ቦራም እስከ ግማሽ ድረስ በላች። ከዚያ ለምን እኔ ብላ ጠየቀች።

“ጨካኝ ስለሆንሽ” አለች እናቷ።

ቦራም ማንኪያዋን አስቀመጠች። እናቷ ግን ለመስደብ የተናገረች አይመስልም ነበር፤ ሾርባዋን እየጠጣች ቀጠለች። አያትሽ ሲቀበሩ ወንድምሽ መቃብሩ ላይ ተንበርክኮ አለቀሰ፤ ሁለት ሰው ነው ያነሳው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ግን አንድ ቀን ዳይፐራቸውን ቀይሮላቸው አያውቅም። አባትሽም እንደዚሁ ነበር። እህቱ የመጦሪያ ቤቱን ግማሽ እኔ ልክፈል ብላው ነበር፤ ሰው ምን ይለኛል ብሎ እምቢ አለ፤ ያን ዕለትም አለቀሰ። የሚያለቅስ ሰው ገንዘብ አያወጣም፤ ዕንባው ይበቃዋል፤ የቀረውን የሚሠራው ሌላ ሰው ነው። አንቺ አላለቀስሽም። ቀብሩ እንዳለቀ ቤት ገብተሽ የትንሿን ክፍል መስኮት ከፈትሽ፤ ፍራሹን ብቻሽን ጎትተሽ ደረጃ አወረድሽ። ሰዎች ታዘቡሽ። እኔም ያን ዕለት ስምሽን ያዝኩ።

 ቦራም ያን ፍራሽ ታስታውሳለች። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ጠባብ ስለነበር ተቀርቅሮባት በእግሯ ገፍታዋለች። ደስ ብሏት እንደነበርም ታስታውሳለች፤ ይህን ለማንም አውርታ አታውቅም።

“አላጥብሽም” አለች በመጨረሻ። “አሁኑኑ ልንገርሽ፤ ኋላ አልነገርሽኝም እንዳትይኝ። ቤቴም አልወስድሽም።”

“ማን እጠቢኝ አለሽ? የምታጥቢኝ ከሆነማ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለምን ከፈልኩ?”

እሁድ እሁድ እመጣለሁ አለች ቦራም። በየሁለት ሳምንቱ ይበቃል፣ በየሳምንቱ ከመጣሽ ወሬ ያልቅብናል አለች እናቷ፤ የቀረውንም ኑድል በላችው።

ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አርባ ሰባት ቁጥር ደረሳቸው፤ ሰሌዳው ሠላሳ ስምንት ላይ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስምንት ተኩል። ከፊታቸው የተቀመጡት አንድ ሽማግሌ ቁጥራቸውን በየደቂቃው ከሰሌዳው ጋር ያመሳክራሉ። ተራቸው ሲደርስ የተቀበላቸው መነጽር ያደረገ ወጣት ነው፤ ከቦራም ያንሳል። ቅጹን አገላብጦ አየና ይቅርታ ጠየቀ፦ ይህ ዓይነት ውል ስለሆነ ደንበኛዋን ጥቂት ጥያቄ መጠየቅ አለብኝ፣ የሚመልሱት እሳቸው ብቻ ናቸው። ስሟን ጠየቃት፤ ነገረችው። አድራሻዋን ጠየቃት፤ የሱቁንም የቤቱንም ነገረችው። ቀኑ ስንት እንደሆነ ጠየቃት።

ኦክቡን አፏን ከፍታ ዝም አለች። ቦራም እጇን ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቷ ላይ ጨበጠች። ከወጣቱ ጀርባ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ነበር፤ እናቷ ግን ወደዚያ አላየችም፣ ማየት ማጭበርበር መስሏት ይሆናል። ወጣቱ እስክሪብቶውን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠ።

“አርብ ነው” አለች ኦክቡን በዝግታ። “ገበያችን የሚዘጋው በወሩ ሁለተኛና አራተኛ እሁድ ነው። ባለፈው እሁድ ተዘግቶ ነበር። ሁለተኛው እሁድ አሥረኛው ቀን ላይ ነበር የዋለው፤ የኪራይ ቀን ስለሆነ አይጠፋኝም። አሥር ላይ አምስት… አሥራ አምስት ነው፣ ልጄ።”

ወጣቱ አሥራ አምስት ብሎ ጻፈ። የመጨረሻው ጥያቄ ምን እየፈረሙ እንደሆነ በራስዎ ቃል ይንገሩኝ የሚል ነው። ለዚህኛው አልቆመችም።

“ይቺን ልጅ የማላውቃት ቀን ሲመጣ፣ ገንዘቤን እየጠየቀች ለማላውቃቸው ሰዎች እንድትከፍልልኝ ነው።”

እሱ ያንኑ በኩባንያው ቋንቋ አሳጥሮ ጻፈው። እናቷ ፈረመች፤ ቦራምም ፈረመች። ወጣቱ ማኅተሙን ሲመታ ስልኳ ጮኸ። ቴሲክ ነው። ከእንቅልፍ የነቃ ሰው ድምፅ ነበረው፤ ወይም ጨርሶ ያልተኛ ሰው። ሲያስበው ቆይቶ መፍትሔ አግኝቷል፦ ወረቀቱ ላይ ያንቺ ስም ይሁን፣ ለትልቁ አጎት ግን የእኔ ነው እላለሁ፤ አንቺም እንደዚያው በይ። ቦራም ወደ ውጭ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች።

“በል፣ የፈለግኸውን በላቸው” አለችው። “ኡንጁ ግን ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። ነግራሃለች። አልቀለደችም።”

 ክፍሏን እኮ አስወልውያለሁ አለ ወንድሟ፣ ፍራሹንም ገዝቻለሁ፤ በማስፈራራት ሳይሆን እንደተከፋ ልጅ። ቦራም ላስቲኩ ካልተገፈፈ ይመልሱልሃል አለችው። ስልኩን የዘጋው እሱ ነው።

ከሕንጻው ሲወጡ ዘጠኝ ተኩል ሆኖ ነበር። ቦራም እናቷን ወደ ቤት ልታደርሳት ስታስብ፣ ኦክቡን ከካፖርቷ ኪስ የባሕር ቅጠል መጠቅለያ ወረቀት አወጣች። ጀርባው ላይ በትልልቅ ፊደል ስምንት የመጦሪያ ቤት ስምና አድራሻ ተጽፏል፤ የገበያው ሴቶች እናቶቻቸውን ያስገቡባቸው ናቸው። ሁለቱ ተሰርዘዋል። የመጀመሪያው ሾርባው ውኃ ነው፣ ሁለተኛው ከሰዓት በኋላ ሰውን ሁሉ ያስተኛል ብለውኛል አለች። ስድስት ቀሩ። እኔ እያወቅሁ ነው የምመርጠው፤ ሌላ ሰው ከመረጠልኝማ ምን ለፋሁ። አውቶቡስ ተሳፈሩ። ኦክቡን በየመውረጃው ስሙን በከንፈሯ አነበበች፤ ሦስተኛው ላይ ቀድማ ተነሳች።

መጦሪያ ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከሥሩ ፋርማሲና የፑል ቤት አለ። ኃላፊዋ ሮዝ ሹራብ የለበሰች፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሴት ናት። ኦክቡን በሩ ላይ ቆማ አየሩን አሸተተች፤ ከዚያ ሳትጋበዝ ማዕድ ቤት ገብታ የድስቱን ክዳን አነሳች፤ ዓሣው መቼ የተገዛ እንደሆነ ጠየቀች፤ ምግብ አብሳይዋ መለሰችላት፤ መልሱን ያመነች መሰለች። ቴሌቪዥን ፊት ከተቀመጡት አምስት አሮጊቶች አንዷ ማን መጣ አለች፤ ሌላዋ ዓሣ ሻጯ ናት አለቻት፤ ኦክቡን አዎ አለች። በዚህ ሰዓት ሁሉም ነቅተው ነበር። ኃላፊዋ ባዶውን አልጋ አሳየቻቸው፤ አራት ሰው የሚተኛበት ክፍል ነው፣ አልጋው በግድግዳው በኩል። ስለ ወርኃዊው ክፍያ ማስረዳት ስትጀምር ኦክቡን ካፖርቷን አወለቀች፣ ጫማዋን አውልቃ ጎን ለጎን አስተካከለች፣ አልጋው ላይ ወጥታ በጀርባዋ ተኛች።

 ኃላፊዋ ቦራምን አየቻት። ቦራም እናቷን ታያለች፤ ተጋድማ ስታያት ትንሽ ናት፤ እግሮቿ ከአልጋው ግማሽ ብዙም አላለፉም። አርባ ስምንት ኪሎ።

“ከዚህ የሚታየኝ አምፖሉ ብቻ ነው” አለች ኦክቡን፣ ዓይኗን ከጣሪያው ሳትነቅል። “መስኮቱ በአናቴ በኩል ነው። አልጋው ይዞር እንደሆነ ጠይቂልኝ።”

ኃላፊዋ አይዞርም አለች። የመጥሪያው ደወል ገመድ አጭር ስለሆነ አልጋው ከዞረ አይደርስም፣ እስካሁን ያማረረ ቤተሰብም የለም። ቦራም ስለ ቤተሰብ አልጠየቅሁዎትም አለች፤ ሌሎቹስ ተኝተው አይተውታል ወይ? የደወሉን ገመድ ለማስረዘም ስንት ሰዓት ይፈጃል? ማንን ነው የምናናግረው? እንዲህ በዝግታና ያለ ቁጣ፣ ሊፍት ውስጥ ሰው ተይዟል ተብሎ ሲደወልላት እንደምታደርገው፣ መልስ እስክታገኝ አንድ በአንድ ጠየቀች። ኃላፊዋ ባለሙያውን ልጠይቅ ብላ ስልኳን ይዛ ወጣች።

“እምቢ ካሉስ?” አለች እናቷ በሹክሹክታ።

“አምስት ይቀራል። ነገና ከነገ ወዲያ እናያቸዋለን።” ቦራም የእናቷን ካፖርት አጣጥፋ ክንዷ ላይ አደረገች። “ቆይ፣ አትነሺ። ገና በግራ ጎንሽ አልሞከርሽውም።”

ኦክቡን በግራ ጎኗ ዞረች።